መልስ፦ ባሕር ዳር ካለው ሆቴላችን የናፍጣ ጄኔሬተር (60 ኬቪኤ) ጭስ ማውጫ ጥቁር ቅባት ይንጠባጠባል፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ይሆን?

ፋሻውን ገና አትጠርጥር፣ ሞተሩንም አታስፈታ። በየሳምንቱ ያለ ሎድ (ምንም ዕቃ ሳታሠራበት) 15 ደቂቃ አስነስተህ የምታጠፋው ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይቀራል። ያልተቃጠለ ናፍጣ ከጥላሸት ጋር ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሚንጠባጠበው እሱ ነው።

1. የዘይት መለኪያውን ምዘዝ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ቀጥኗል፣ ብረት ከብረት ያፋጫል። ዘይትና ፊልትሮ ሳትቀይር ሎድ አትስጠው።

2. ሞተሩ ሲሞቅ በ30% ሎድ ጀምር፤ በየ20 ደቂቃው እየጨመርክ 70% አድርስና 2 ሰዓት አቆየው። ያንተ 60 ኬቪኤ 48 ኪሎዋት ነው፣ 70%ው ወደ 34 ይመጣል። የሆቴሉ ውኃ ማሞቂያዎችና የወጥ ቤት ምድጃዎች ይበቁሃል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም። ጥቁር ጭስ ከበዛ ሎዱን ቀንስ።

3. ጭሱ ከጠራ ጨርሰሃል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ሞተሩ ያለ ሎድ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ አፉ ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደህና ነው፤ ተስፈንጥሮ ከወደቀ ግን ያኔ ፋሻና ሲሊንደር ይታይ፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት) አስለካ። ግሎም ነጭ ጭስ ካወጣ ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) አስፈትሽ።

አደራ፣ ሙሉ ሎድ ባንዴ አትጫንበት። የተጠራቀመው ቅባት ማርሚታው ውስጥ እሳት ይይዛል። ሐይቁ ዳር ብዙ ቦታ ጣሪያው ሣር፣ አጥሩ ሸምበቆ ነው፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ካለ አስቀድመህ አንሣው፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያም አጠገብህ ይኑር።