ውሃ አፍስሰው ያጫወቱት ልጅ

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ኮዬ ፈጬ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ባለው ሜዳ ለቴስታ ሲዘል ከሌላ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨ። ራሱን አልሳተም፤ «ስንት ለስንት ነን?» እያለ ግን ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር አሉ። አሰልጣኙ ውሃ አፍስሶበት እስከ መጨረሻው አጫወተው። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ ራሱን ያመዋል፣ ብርሃን ያስጠላዋል። የግንባር መከላከያ ገዝቼለት ቅዳሜ ይሰለፍ?
እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ቅዳሜ አይሰለፍም። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ማስታወክ ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ያናደደኝ ውሃው ነው። ውሃ ላብ ያጥባል እንጂ የተናወጠ አንጎል አያረጋጋም። ውጤቱን ደጋግሞ መጠየቁ ብቻ ከሜዳ ለማስወጣት በቂ ነበር፤ አንጎላቸው የተናወጠ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ራሳቸውን አይስቱም።

አንጎል በፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲዞር የራስ ቅሉ ይቀድማል፣ አንጎል ይዘገያል፤ በዚያ መሃል ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይወጠራሉ። የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሰው ሆልቦርን እ.ኤ.አ. በ1943 በጄላቲን ሞዴል ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከቀጥታ ግፊት ይልቅ ሽክርክሪቱ ይጎዳል። የግንባር መከላከያ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይረዳ ይሆናል፣ ሽክርክሪቱን ግን አያስቆምም። ገንዘብዎን አያባክኑ። ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው ቢባሉም አይዘናጉ፤ መናወጥ በፎቶ አይታይም።

እኔ ሰበታ ላይ በድንጋይ ጎል በረኛ ሆኜ ያደግሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ልጅ ከኳስ ይራቅ አልልም። ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ያርፋል፣ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ሕመሙ ሲለቀው ብቻውን ይሮጣል፣ ከዚያ ያለ ግጭት ይለማመዳል፤ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል፣ ሕመሙ ከተመለሰ ወደ ኋላ ይላል። ግጥሚያ የመጨረሻው ነው፣ እሱም ሐኪም ሲፈቅድ። ሳይድን ዳግመኛ ቢመታ አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል፤ የሚያጋጥመው ከስንት አንድ ቢሆንም ይገድላል።

አሰልጣኙን ደግሞ ለዚህ ዕድሜ 4 ቁጥር ኳስ እንዲጠቀም ይንገሩት፤ 5 ቁጥሩ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። የቴስታ ልምምዱንም ይተው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ልጆች (እዚያ እስከ 11 ዓመት ያሉት) በልምምድ ቴስታ እንዳይመቱ መክረዋል። ትልልቆቹ ውድድሮች ለጭንቅላት ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ ተፈቅዶላቸዋል። በሰፈር ሜዳ ቅያሪ የሚቆጥር እንኳ የለም፤ ታዲያ ልጁን ከማስወጣት ምን አገደው?