«ብጠፋም እጠፋለሁ»፦ ቆርጣ ነው ወይስ ተስፋ ቆርጣ?

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬ አንድ ገጽ ሳያነብ ወደ ፈተና ሲሄድ "እንደ አስቴር፣ ብጠፋም እጠፋለሁ!" ብሎኝ ሄደ። ሳስበው ግራ ገባኝ። አስቴር ያን ያለችው ደፍራ ነው ወይስ ተስፋ ቆርጣ? ደግሞስ "ብጠፋም" ካለች በኋላ "እጠፋለሁ" ማለት ምን የሚሉት አማርኛ ነው?»

መልስ፦ ከአማርኛው እንጀምር። «ብ...ም» ስንል ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ግስ የመጀመሪያውን ይቃወማል። «ቢዘንብም እሄዳለሁ»፣ «ብደክምም እጨርሰዋለሁ» እንላለን። አስቴር ግን ያንኑ ግስ ደገመችው። ታዲያ ተቃውሞው የት ገባ?

ከፊቱ ነው ያለው። አስቴር የፋርስ ንጉሥ ሚስት የሆነች አይሁዳዊት ናት፤ ሕዝቧ እንዲጠፋ ስለ ታወጀ ልትለምን ወደ ንጉሡ ልትገባ ነው። ሙሉ ንግግሯ «ወደ ንጉሡ እገባለሁ፤ ብጠፋም እጠፋለሁ» ነው (አስቴር 4፥16)። ሰው ሲጠቅሰው «እገባለሁ»ን ይጥላትና ጭራውን ብቻ ይይዛል። ያለ «እገባለሁ» ደግሞ ነገሩ ሙሾ ይሆናል። ዛሬ በአፋችን ብንለው «እገባለሁ፤ ከሞትኩም ልሙት» ነው የሚወጣን። «ልሙት» ውስጥ ግን ትንሽ ፉከራ አለ። «እጠፋለሁ» ፉከራ የለውም፣ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ቀዝቃዛውን እመርጣለሁ።

ዕብራይስጡ ይብሳል። ሁለቱም ግሶች በኃላፊ ጊዜ መልክ ስለሆኑ ቃል በቃል «እንደ ጠፋሁ ጠፋሁ» እንደ ማለት ነው። ያዕቆብም ብንያምን ወደ ግብፅ ሲልክ ልጆቹን ስለ ማጣት የተናገረው በዚሁ ቅርጽ ነው (ዘፍጥረት 43፥14)። ልብ በል፣ ያዕቆብ ይህን ያለው በለሳኑንና ማሩን አስጭኖ፣ ብሩንም እጥፍ አድርጎ ካስያዘ በኋላ ነው። አስቴርም ወደ ንጉሡ የገባችው የሱሳ ከተማን አይሁድ ሦስት ቀን አስጹማ፣ ራሷም ጾማ ነው። የአስቴር ጾም በቤተ እስራኤል ዘንድም የታወቀ ነው።

«ደፍራ ነው ወይ» ላልከው፣ ደፋር በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። «አንተ ደፋር!» ብትባል ምስጋና እንዳይመስልህ። ለአስቴር የሚሻለው «ቆርጣ ገባች» ነው። የሚገርመው «ተስፋ ቆረጠች»ም ከዚያው ከ«ቆረጠ» መምጣቱ ነው። ልዩነቱ የሚቆረጠው ላይ ነው። ሳይጠራ ወደ ውስጠኛው አደባባይ የገባ ሰው፣ ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ካልዘረጋለት ይሞታል። እሷ ደግሞ ከተጠራች 30 ቀን አልፏታል። የቆረጠችው ለነፍሷ መሳሳትን ነው።

ተስፋውማ አለ፤ ግን ባለቤቱ አይጠራም። በዕብራይስጡ የአስቴር መጽሐፍ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም በግልጽ አንድም ቦታ አይገኝም። አሳዳጊዋ መርዶክዮስ መዳን «ከሌላ ስፍራ» ይመጣል ይላል፤ ከየት እንደሆነ አይናገርም። ንግሥት የሆንሽው ለዚህ ቀን እንደሆነ «ማን ያውቃል» ይላታል። በእኛ አፍ «ማን ያውቃል» የጥርጣሬ ቃል ይመስላል፤ «ማን ያውቃል፣ ሎተሪ ይደርስህ ይሆናል» ሲባል ግን ተስፋ እንደሆነ ማንም አይስተውም። የመርዶክዮስም ወደዚህኛው ይቀርባል።

ከሁሉ የምወደው ምዕራፍ 6 መክፈቻ ላይ ያለውን ነው። ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ የታሪክ መዝገብ ሲያስነብብ፣ መርዶክዮስ አንድ ጊዜ ሕይወቱን እንዳተረፈለት ይሰማል። ዕብራይስጡ የንጉሡ እንቅልፍ «ሸሸ» ብቻ ይላል። የግሪኩ ትርጉም ግን አላስቻለውም፤ እንቅልፉን ያራቀው ጌታ ነው ብሎ ባለቤት ጨመረበት። አማርኛችን ያለ ድካም ወደ ዕብራይስጡ ይጠጋል፦ «እንቅልፍ እምቢ አለው» እንላለን። እምቢ ያሰኘው ማን እንደሆነ አንጠይቅም።

ወደ ጓደኛህ ስንመለስ፣ አንድ ገጽ ላላነበበ ሰው አማርኛ ሌላ ቃል አዘጋጅቷል፤ «እንደፍጥርጥሩ!» ነው የሚባለው።