ፍልስፍና ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «የፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። ዲፓርትመንት ልንሞላ ነው። ልቤ ያለው ፍልስፍና ላይ ነው። እናቴ ግን 'ሃይማኖትሽን ያስጥልሻል፣ እንጀራም የለውም' ትላለች። ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ሁለት ስጋት አንድ ላይ ነው የነገሩሽ። ለየብቻ እንያቸው።

የሃይማኖቱ ጥያቄ የቆየ ነው። በቅዳሴው የምታውቂው ባስልዮስ አቴና ሄዶ ከጓደኛው ከጎርጎርዮስ ጋር ተምሯል። በኋላ ለወጣቶች ስለ ግሪክ መጻሕፍት ሲጽፍ ንብን አነሣላቸው። ንብ ያገኘችው አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። እኛም ጋ አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የፈላስፎች አባባል ስብስብ የሆነውን «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል።

ይህን ይዘሽ ግን እናትሽን ለመርታት አትሩጪ። ስጋታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በኋላ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስ፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ካርቴጅ ተማሪ ሳለ፣ በ19 ዓመቱ፣ ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ፍልስፍና የጻፈውን «ሆርቴንሲዮስ» አነበበ። ክርስቲያን ያልሆነ ሰው መጽሐፍ ነው። ሆኖም ልቤን ወደ እግዚአብሔር ያዞረው እሱ ነው ይላል በ«ኑዛዜ»ው። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ከፈተ። ከሲሴሮ አጻጻፍ ጋር ሲያስተያየው ተራ ሆነበትና ተወው! ዓለምን የብርሃንና የጨለማ ጦርነት አድርገው ወደሚያዩት ወደ ማኒ ተከታዮች ገብቶም ዘጠኝ ዓመት ያህል ከረመ። እናቱ ሞኒካ እያለቀሰች ትጸልይለት ነበር። ሚላን ላይ የከተማዋን ጳጳስ የአምብሮስን ስብከት መስማት ከጀመረ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው፤ በ387 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ።

ስለዚህ አገልግሎትሽን አታቋርጪ። ያነበበ መምህር ፈልጊ፤ ጥያቄ ስታነሺ የማይቆጣ። እንዲህ ያለ ሰው ካላገኘሽ እኔም ከእናትሽ ጋር እሰጋለሁ።

እንጀራውስ? አውግስጢኖስ ራሱ የንግግር ጥበብ እያስተማረ ደመወዝ ይበላ ነበር። አንቺ ጋ ግን «ፈላስፋ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እንዳትጠብቂ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሎጂክ ማስተማር ጥሩ ውጤትና ማስተርስ ይጠይቃል፣ ቦታውም ጠባብ ነው። የቀረው በር አርትኦት፣ ትርጉም፣ ሚዲያ፣ የሕዝብ ግንኙነትና ለድርጅቶች ሪፖርት መጻፍ ነው። እዚያ ከዲግሪሽ በላይ የሚታየው ጽሑፍሽ ነው። አንድ ገጽ ሳይዝረከረክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ከቻልሽ ትቀጠሪያለሽ ባልልም ወረፋው ያጥርልሻል። ከአሁኑ ጀምሪ። ያነበብሽውን አንድ ምዕራፍ በግማሽ ገጽ አሳጥሪውና የማያውቀው ሰው ያንብበው። ካልገባው እንደገና ጻፊው።

ሎጂክ ኮርሱን ወስደሻል አይደል? ኤ አመጣሽ ወይ አላልኩም። ዜና ስትሰሚ፣ ስብከት ላይ ስትቀመጪ፣ «ይሄ ማስረጃ እኮ ከመደምደሚያው ጋር አይገናኝም» እያልሽ ነው? እንዲያ ከሆነ ፍልስፍናን አንደኛ አድርጊው። (ቴሌግራም ላይ ሰው ለመርታት ከሆነ አራት ዓመት አያስፈልግም።) ሁለተኛ ፖለቲካል ሳይንስ ሙዪ። የግሪክ ፈላስፎቹን አፍላጦንንና (ፕሌቶን) አሪስጣጣሊስን (አሪስቶትልን) እዚያም ታገኛቸዋለሽ፤ እናትሽም ስሙን ሲሰሙ ይረጋጋሉ።

ከመሙላትሽ በፊት ግን አንድ የሦስተኛ ዓመት የፍልስፍና ተማሪ አፈላልጊ። የኮርስ ዝርዝሩንና መምህር ያረመለትን አንድ ወረቀት እንዲያሳይሽ ለምኚው።