ሶፍትዌሩ የይለፍ ቃሌን ለምን «ደካማ» አለው?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የይለፍ ቃል ስንቀይር የሚመረምር ሶፍትዌር በቅርቡ ተጭኗል። ስሜን በላቲን ፊደል፣ የመጀመሪያውን ሆሄ በትልቁ ጽፌ፣ የ«አት» ምልክትና 123 ብጨምርበትም «በቀላሉ ይገመታል» ብሎ መለሰብኝ። ምን ጎደለው? ደግሞስ የምጽፈውን ወደ ውጭ ይልከው ይሆን?
ከአዳማ

መልስ፦ ፍርዱ ትክክል ነው። የይለፍ ቃል የሚሰብሩ ሰዎች ፊደላትን በተራ ከመደርደራቸው በፊት የሚሞክሩት፣ ሌሎች ሰዎች ከዚህ ቀደም የተጠቀሙባቸውን ቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለው ኩባንያ ሳይመሰጠሩ የተቀመጡ 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃላት ሲሰረቁ፣ ከሁሉ በዝቶ የተገኘው 123456 ነበር። ስም አስቀድሞ፣ ምልክት አስከትሎ፣ በ123 መጨረስም እንዲሁ የታወቀ ልማድ በመሆኑ ሰባሪው ፕሮግራም ራሱ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ፊደልን ከቁጥርና ከምልክት የማደባለቅ ግዴታ እንዲቀርና የተመረጠው ቃል ከተሰረቁት ዝርዝር ጋር እንዲመሳከር የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሶፍትዌሩ የሚያሳልፈው ነው። እንዲህ ያሉ መመርመሪያዎች በአብዛኛው የሚመኩት በእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ላይ ስለሆነ፣ የሀገራችን ሰው፣ ከተማ ወይም የእግር ኳስ ክለብ ስም በላቲን ሲጻፍ እንግዳ ቃል መስሎ ሊያልፍ ይችላል። እንደ ክራክሊብ ያሉት መመርመሪያዎች ተጨማሪ ዝርዝር ይቀበላሉና፣ የኮምፒውተር ባለሙያችሁ እነዚህን ስሞች ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው ቢያስገባ መልካም ነው። የሞባይል ቁጥርም አይሁን፤ ከ09 በኋላ የሚቀሩት 8 አኃዞች 100 ሚሊዮን አማራጭ ብቻ ስለሚሰጡ፣ የተሰረቀው የይለፍ ቃላት መዝገብ በደካማ የማመስጠሪያ ስሌት የተሸፈነ ከሆነ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳቸዋል።

ወደ ውጭ መላኩን በተመለከተ፣ እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነት ይለያያል። ክራክሊብ የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያው ትሮይ ሀንት ያዘጋጀው፣ ቃሉ ከተሰረቁት መካከል መኖሩን የሚያሳውቀው «ፖውንድ ፓስወርድስ» አገልግሎት በኢንተርኔት ቢሠራም የይለፍ ቃሉን አይቀበልም፤ ከቃሉ በስሌት ከሚገኘው ባለ 40 ሆሄ አሻራ የመጀመሪያዎቹ 5 ብቻ ይላካሉ፣ አገልግሎቱም በእነዚያ የሚጀምሩትን የተሰረቁ አሻራዎች ሁሉ ይመልሳል፣ ማመሳከሩም በእርስዎ በኩል ይፈጸማል። ሙሉውን ቃል ጽፋችሁ ላኩ የሚል ያልታወቀ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት ግን አይጻፉበት። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁ፤ እስከዚያው እርስ በርስ የማይዛመዱ አራት አምስት ቃላትን በዕጣ አውጥተው ያገጣጥሙ፤ ተረትና ምሳሌ ወይም የመዝሙር ስንኝ ግን አይሁኑ።