ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ ጻፉ

ልጆቼ፣ በቅርስ ጥናት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ከእናንተ መካከል ታሪክ ወይም አርኪዮሎጂ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ ይህን ምክሬን ስሙኝ።

ፒክቶች በሰሜንና በምሥራቅ ስኮትላንድ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ሮማውያን ስማቸውን በ297 እ.ኤ.አ. ጠቅሰውታል። ራሳቸው ከጻፉት ግን የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ያተረፉልን ምልክት የተቀረጸበት ድንጋይ ነው።

እስቲ በምሥራቅ ስኮትላንድ፣ አበርሌምኖ መንደር፣ መንገድ ዳር የቆመውን ድንጋይ እንየው። ከላይ እባብ ተጠማዞ ይታያል። ከሥሩ የተያያዙ ሁለት ክቦች አሉ፤ እንደ ዜድ ፊደል የታጠፈ ዘንግ ያቋርጣቸዋል። ከታች መስተዋትና ሚዶ አለ። ዞራችሁ ጀርባውን ስታዩ ደግሞ ትንንሽ ጎድጓዶች ታገኛላችሁ። እነዚያ ከፒክቶች ዘመን በፊት፣ በቅድመ ታሪክ ዘመን የተቦረቦሩ ናቸው። ጠራቢው ሌላ ሰው አስቀድሞ የሠራበትን ድንጋይ ነው የተጠቀመው! ከፊት ለፊት ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

የምልክቶቹ ትርጉምስ? መስተዋትና ሚዶ ያለበት የሴት መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። የጋብቻ ትስስርን ያሳያል ያሉም አሉ። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገኙት፤ ስለዚህ የሰው ስም ናቸው የሚለው ሐሳብ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች አደራደራቸውን በሒሳብ ፈትሸው ጽሕፈት ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ይሁን፤ ግን እስካሁን ያነበባቸው የለም።

እዚያው መንደር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያለው ድንጋይ ውጊያ ተቀርጾበታል። ጥግ ላይ አንድ ሰው ወድቋል፤ ወፍ ትነክሰዋለች። ፒክቶች የኖርተምብሪያውን (ከስኮትላንድ በስተደቡብ የነበረ መንግሥት ነው) ንጉሥ ኤክግፍሪዝን የገደሉበት የ685 እ.ኤ.አ. ጦርነት ነው ሲባል ኖሯል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ዛሬ ግን ድንጋዩ ከዚያ ዘግይቶ የተሠራ ነው፣ ጦርነቱም የተካሄደው ሌላ ቦታ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

ስለዚህ ትርጉሙን በስልካችሁ ከመፈለጋችሁ በፊት ድንጋዩን በእርሳስ ሣሉት። ፎቶ አንሱ፣ ግድ የለም፤ ዓይን የዘለለውን የሚይዘው ግን እጅ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሂዱ፤ ጥላው ያረጀውን መስመር ያወጣዋል። ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት፦ በአንድ በኩል ያያችሁትን፣ በሌላው የገመታችሁትን ጻፉ። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ በዚህ ሙያ ብዙ ጥሩ ጭንቅላት የባከነው በመቀላቀል ነው።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ አበርሌምኖን ማየት ከፈለጋችሁ በበጋቸው ሂዱ። ብርዱ ሲመጣ ድንጋዮቹን ከውርጭ ለመጠበቅ በእንጨት ሣጥን ይሸፍኗቸዋል።