ማስተርስ፣ ዲዩቲና የሐረጎ መንገድ

ሰሞኑን ስልኬን የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሲስተር፣ ማስተርስ መማር ፈልጌ ነበር፣ ግን...»። ከ«ግን» በኋላ ያለው ነው የሚለያየው። ደሴና ኮምቦልቻ ካሉ ነርሶች ከደረሱኝ ጥቂቱን እነሆ።

«ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ዲግሪ ከያዝኩ 5 ዓመቴ ነው። ኤምፒኤች ልማር ወይስ ነርሲንግ? ሰው ሁሉ ኤምፒኤች ይሻልሻል ይለኛል።»

ሰው ሁሉ አብሮሽ ዲዩቲ አያድርም። ኤምፒኤች የኅብረተሰብ ጤና ነው። ወረርሽኝ መከታተል፣ የክትባት ሽፋን፣ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ስብሰባ። ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ፕሮጀክት ላይ መሥራት ለሚያምረው ጥሩ ነው። የነርሲንግ ማስተርስ ግን ከበሽተኛው አልጋ አያርቅሽም። የአዋቂዎች ጤና፣ የሕፃናት፣ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን እየተባለ ይከፋፈላል። ወደፊት ማስተማር ካሰብሽም እሱ ይቀርብሻል፤ የነርሲንግ ተማሪን ዋርድ ለዋርድ ይዞ የሚዞረው ነርስ ነውና።

ከራሴ ልንገርሽ። እኔ ኤምፒኤች ቅዳሜና እሁድ ተማርኩ፤ ከኪሴ ከፍዬ። እንደጨረስኩ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ፋይል ይዤ ሰው ሀብት ገባሁ። ሰውየው ኮፒውን ገለበጠው፣ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰስ አደረገው፣ ከዚያ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግን ለዚህ መደብ የለንም» አለኝ። 2 ዓመት በድሮው ደመወዝ ሠራሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ግን ያቺን ቀን አልረሳትም። አንቺ ብር ከመክፈልሽ በፊት ሰው ሀብት ግቢና «በዚህ ማስተርስ የምመደብበት መደብ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ዕውቅናው ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። አዲስ አበባ ላለው ቅርንጫፍ የተሰጠ ዕውቅና ለደሴው አያገለግልም።

«ደሴ ድንገተኛ ክፍል ነኝ። ሥራ ሳልለቅ መማር ይቻላል?»

እንደ ትምህርቱ ነው። ኤምፒኤች ቅዳሜና እሁድ ይገኛል። ክሊኒካል የሆኑት ግን ዋርድ ላይ የሚሠራ ብዙ ተግባር ስላላቸው ብዙውን ጊዜ በመደበኛ ነው የሚሰጡት። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ጥናታዊ ጽሑፉ ላይ ሲደርስ ይከብዳል፤ ዳታ በኦፍ ቀን ብቻ አይሰበሰብም። መሥሪያ ቤትህ ስፖንሰር ካደረገህ ደመወዝህ አይቋረጥም፣ ግን ውል ትፈርማለህ። ስንት ዓመት ተመልሰህ እንደምታገለግልና ብታቋርጥ ምን እንደምትከፍል ሳታነብ እንዳትፈርም።

ለኮምቦልቻዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና ትምህርት ያለው ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂው ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው፤ ቢሆንም ክረምት ላይ የሐረጎን ዳገት በጉም የወጣ ሰው ያውቀዋል። ማታ ዲዩቲ አድራችሁ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ከተሳፈራችሁ ክላስ ውስጥ ቀድሞ የሚያንቀላፋው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

«የመግቢያ ፈተናው ያስፈራኛል። ሒሳብ ከተውኩ ቆየሁ።»

የትምህርት ሚኒስቴሩን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለትሽ ነው። እውነት ነው፣ እሱን ሳያልፉ መመዝገብ የለም። ግን ስለ ነርሲንግ አይጠይቅሽም። ቋንቋ፣ ስሌትና ነገር ማገናዘብ ነው። ሒሳብ ትቻለሁ ያልሽው ደግሞ አልተዋጠልኝም። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይለቅ ሲሉሽ፣ የማንጠብጠቢያው ቱቦ (ሴት የምንለው) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ ቆመሽ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ብለሽ የምታስተካክይው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሬሾ ማለት እሱ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ከታናሽ ወንድምሽ ተዋሺና ለሁለት ወር በቀን ግማሽ ሰዓት አገላብጪ።

«2014 ላይ ከኮምቦልቻ ስንሸሽ ዲግሪዬ ቤት ቀረ። ስንመለስ ምንም አልነበረም። ያለ እሱ ማመልከት እችላለሁ?»

አብሽሪ። ወረቀቱ ቢጠፋም መዝገብሽ ያለው የተማርሽበት ሬጅስትራር ነው። መጀመሪያ ከፖሊስ የመጥፋቱን ማስረጃ አውጪ። ብዙ ሬጅስትራር ምትክ ለመስጠት እሱን ይጠይቃል፤ ጋዜጣ ላይ አሳውጂ የሚልም አለ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ለአንቺ አይሰጥም፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚላከው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽ ግን እዚያ ላይ ትቆሚያለሽ። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ከቆየ ስንት እንደቀረ ከፋይናንስ ደብዳቤ አጽፊ። ማመልከቻ ሳይከፈት አሁኑኑ ጀምሪው፤ መመላለሱ ጊዜ ይበላል።

«አሜሪካ ያለችው እህቴ ነርስ ፕራክቲሽነር ሁኚ ትለኛለች። እዚህ ተምሬ መሄድ እችላለሁ?»

እዚህ በምትይዢው ማስተርስ እዚያ ነርስ ፕራክቲሽነር አትሆኚም። ሙያው በ1965 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ላይ ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስ ከአንድ የሕፃናት ሐኪም ጋር የጀመሩት ነው። ዛሬ መርምረው መድኃኒት ያዛሉ፤ በአንዳንድ ግዛቶች ያለ ሐኪም ቁጥጥር። መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ የዲግሪሽ ማስረጃ ይገመገማል፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና አልፈሽ የነርስነት ፈቃድ ታወጫለሽ፣ ከዚያ እዚያው ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ትማሪያለሽ። እህትሽ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ስልክ ላይ አሳጥራልሽ ነው።

«ደረጃ 4 ዲፕሎማ አለኝ፤ ሥራ ላይ 9 ዓመት ቆይቻለሁ። ልምዴ ለማስተርስ ይያዝልኛል?»

አይያዝልህም። መጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዲግሪውን ለመያዝ መውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ክላስ ውስጥ ግን ልምድህ ከማንም ያስቀድምሃል።

«ወንድ ነርስ ነኝ። በሽተኞች ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ። ማስተርስ ብይዝ ይተዉኝ ይሆን?»

እናቶቻችን ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ካዩ ዶክተር ነው፣ አለቀ። ማስተርስ ስትይዝ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሐይቅ «ፕሮፌሰር» እንዳይሉህ ተጠንቀቅ።