ስምንት ቤት፣ እንስራና ጀሪካን፦ የትኛው ቲ-ቴስት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ለገሃሬና ገንደ ቆሬ ስምንት ቤት ገብቼ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የጀሪካንና የእንስራ ውሃ ሙቀት በቴርሞሜትር ለካሁ። በየቤቱ ሁለቱም ጠዋት ከአንድ ቧንቧ የተሞሉ ናቸው። ጀሪካን፦ 28፣ 33፣ 26፣ 34፣ 30፣ 27፣ 32፣ 30። እንስራ፣ በዚያው የቤት ቅደም ተከተል፦ 26፣ 31፣ 25፣ 31፣ 28፣ 26፣ 29፣ 28። ኢንዲፔንደንት ቲ-ቴስት (የሁለት የተለያዩ ቡድኖችን አማካይ የሚያነጻጽር ስሌት) ስሠራ ጉልህ ልዩነት የለም አለኝ። እናቴ ግን የእንስራ ውሃ እንደሚቀዘቅዝ እጇን ነክራ ታውቃለች። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ልኬትሽ ምንም አልሆነም፣ እናትሽም ልክ ናቸው። ችግሩ ቴስቱ ላይ ነው።

ኢንዲፔንደንት ቲ-ቴስት የሚሠራው እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሁለት ቡድኖች ነው። ጀሪካኖቹ ከስምንት ቤት፣ እንስራዎቹ ከሌላ ስምንት ቤት የመጡ ይመስለዋል። ያንቺዎቹ ግን አንድ ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። እስቲ ቁጥሮችሽን እዪአቸው፤ ሦስተኛው ቤት ጀሪካኑ 26 ነው፣ አራተኛው ቤት 34። ይህ የ8 ዲግሪ ልዩነት ከጀሪካኑ አልመጣም፤ አንዱ ቤት ዛፍ ጥላ ስር ይሆናል፣ ሌላው የድሬን ፀሐይ በቆርቆሮ ጣሪያ ተሸክሞ ይውላል። የቤትና የቤት ልዩነት የእንስራሽን 2 ዲግሪ ዋጠው። ለዚህ ነው ቲ (የአማካዮቹ ልዩነት ከልኬቶቹ መበታተን አንጻር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 1.54 ብቻ የወጣልሽ። በ14 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (የሙቀት ዲግሪ አይደለም፤ 16 ልኬት ሲቀነስ 2 ቡድን ነው) በተለመደው የ0.05 ወሰን ከ2.145 ማለፍ ነበረበት።

አሁን ወረቀት አውጪና በየቤቱ እንስራውን ከጀሪካኑ ቀንሺ፦ 2፣ 2፣ 1፣ 3፣ 2፣ 1፣ 3፣ 2። አየሽ? አንድም ቤት ውስጥ ጀሪካኑ ቀዝቅዞ አልተገኘም። የልዩነቱ አማካይ 2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ልዩነቶቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት መጠን) 0.756 ነው። 0.756ን ለ8 ስኩዌር ሩት ስታካፍዪ 0.267 ይመጣል፣ 2ን ደግሞ ለሱ ስታካፍዪ ቲ ወደ 7.5 ገደማ ይሆናል። በ7 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (8 ልዩነት ሲቀነስ 1) የሚፈለገው 2.365 ነው። በቃ፣ ፔርድ ቲ-ቴስት የሚሉት ይኸው ነው።

ግን አደራ፣ ፔርዱን የምትመርጪው ጥሩ ፒ-ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል) ስለሰጠሽ አይደለም። ቴርሞሜትሩን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት፣ «አንድ ቤት ሁለት ልኬት» ብለሽ ስትወስኚ ቴስቱም አብሮ ተወስኗል። ሁለቱንም ሞክሮ የተሻለውን መጻፍ በጣም የተለመደ ነው፣ እኔን ደግሞ ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ቤቶቹ የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ለምሳሌ ጀሪካኑን ከድሬ እንስራውን ከሐረር ብትለኪ፣ ኢንዲፔንደንቱ ልክ ይሆን ነበር፤ ያኔ የሁለቱ ቡድን መበታተን እኩል መሆኑን የማይጠይቀውን የዌልች ቲ-ቴስት ያዢ። (በነገራችን ላይ ያኔ ሐረር ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች፣ ልዩነቱ የእንስራው ይሁን የአየሩ መለየት አትችዪም። ማንኛውም ቴስት ይህን አያድንሽም።)

ስምንት ቤት ትንሽ ነው ብለሽ አትጨነቂ። ቲ-ቴስት የተሠራው ለትንሽ ናሙና ነው። ዊልያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሲሠራ ጥቂት ልኬት ብቻ ነበር በእጁ የሚገባው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። ይልቅ ቁጥር ለማብዛት ብለሽ ያንኑ እንስራ በቀን ሦስቴ ለክተሽ 24 ቤት እንዳለሽ አትቁጠሪ። ቤቱ ያው ስምንት ነው። የልዩነቶቹን ዝርዝርም በዓይንሽ እዪው፤ አንድ ቤት 15 ዲግሪ ቢል ኖሮ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን አጣሪ እልሽ ነበር።

ስትጽፊ ፒ-ቫልዩውን ብቻ አስቀምጠሽ አትለፊ። የእንስራው ውሃ ከጀሪካኑ በአማካይ 2 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም (እውነተኛው አማካይ ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ1.4 እስከ 2.6 ነው በዪ። ለእናትሽም የምታነቢላቸው ይህንን ነው።